ለአበባ ራስ የሚሸጠው አሚኖ አሲድ

አንባቢ ሆይ! የወሩን ደመወዝ ተቀብለህ፣ የቤት ኪራዩን ከፍለህ፣ ለወላጆችህ የምትልከውን ልከህ፣ የሱቁንም ዱቤ ዘግተህ በኪስህ የተረፈችውን ጥቂት ገንዘብ ለአበባ ምግብ አውጣት ብልህ ምን ትለኛለህ? «ይህች መምህርት ምን ነካት!» ማለትህ አይቀርም። እኔም ብሆን እንዲህ ያለ ምክር የምሰጥህ ሰው አይደለሁም። ዳሩ ግን ምክሩን የሚሰጡ ብዙዎች ናቸው። ዘርና የእርሻ መድኃኒት ከሚሸጥባቸው ሱቆች ወደ አንዱ ጎራ ብትል፣ ከማዳበሪያው ከረጢት አጠገብ የፈካ አበባ ሥዕል የተለጠፈባቸው ጠርሙሶች ተደርድረው ታያለህ። በላያቸውም በትልቁ «አሚኖ አሲድ» ተብሎ ተጽፏል። ሻጩን ብትጠይቀው ሥር ያበዛል፣ ቅጠል ያወፍራል፣ የአበባውን ዘንግ ያስረዝማል ይልሃል። በተለይም ከመሬት በታች እንደ ሽንኩርት ያለ ራስ ላላቸው አበቦች፣ ማለት ለግላዲዮለስ፣ ለአማሪሊስ፣ ለቱሊፕና ለመሳሰሉት፣ ወደር የለውም እያለ ይምልልሃል።

ይህን ነገር ልመረምር የተነሣሁት የራሴ አበባ አስጨንቆኝ አይደለም። እኔ የማስተምረው ቢሾፍቱ ነው፤ ትምህርቴም የሕይወት ሳይንስ ነው። ከተማሪዎቼ የአንዲቱ እናት በቤታቸው ጓሮ ግላዲዮለስ እያበቀሉ ይሸጣሉ። ለሠርግ፣ ለልደት፣ ለቀብር፣ በዓልም ሲደርስ ለየቤቱ ጠረጴዛ ዘንጉን እያሰሩ ያደርሳሉ። ሦስት ልጆች የሚያድጉት በዚህችው ጓሮ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። እኒህን ሴት እትዬ እያልሁ ስለምጠራቸው እዚህም እንዲሁ ብጠራቸው አንባቢው ይፈቅድልኝ።

እትዬ አንድ ቀን ከትምህርት ሰዓት በኋላ መጥተው የታጠፈ ወረቀት ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ሰጡኝ። ጠርሙሱን ገና አልገዙትም፤ ስለ ጠርሙሱ የሚናገረውን ወረቀት ነበር ከሱቅ ያመጡት። «ልጄ፣ አንቺ የተማርሽው ይኸንኑ አይደል? እስቲ አንብቢልኝና ልግዛው ወይስ ልተወው ንገሪኝ። አበባዬ ከዓመት ወደ ዓመት እየቀጠነብኝ ነው፤ ዘንጉም አጠረ፤ ገዢዎቼ ወደ ሌላ እያዩ ነው» አሉኝ። የጠርሙሱን ዋጋ ስጠይቃቸው ለሴት ልጃቸው ለዓመቱ ደብተርና ለደንብ ልብስ ከሚያወጡት የሚበልጥ ሆኖ አገኘሁት። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ነገሩ የመማሪያ መጽሐፍ ጥያቄ ብቻ አለመሆኑን ከዚህ ትረዳለህ። ግዙ ብላቸው ይገዛሉ፤ ተዉት ብላቸው ይተዉታል፤ ገንዘቡ ግን የእኔ አይደለም።

አሚኖ አሲድ ማለት ምንድር ነው? ፕሮቲን የሚባለውን ነገር በክር እንደ ተሰካ የዶቃ ድርድር አድርገህ ብታስበው፣ እያንዳንዱ ዶቃ አሚኖ አሲድ ነው። በሕያዋን ፍጥረታት ፕሮቲን ውስጥ በዋናነት የሚገኙት የዶቃ ዓይነቶች 20 ናቸው። ሁሉም ናይትሮጅን አለባቸው። እኛ ሰዎች ከነዚህ 9ኙን ራሳችን መሥራት ስለማይቻለን ከምግብ የግድ ማግኘት አለብን። እንጀራን በሽሮ መብላታችንም እናቶቻችን ሳይንሱን ሳይማሩ የፈቱት እንቆቅልሽ ነው፤ እህል የሚጎድለውን ላይሲን የተባለውን አሚኖ አሲድ ጥራጥሬው ይሞላዋልና።

ወረቀቱም የሚለው ይህንኑ ነበር፦ «ሰው ያለ አሚኖ አሲድ እንደማይኖር ሁሉ አበባዎም ያለ እርሱ አይኖርም።» አባባሉ ሲሰሙት እውነት ይመስላል፤ በውስጡ ግን ትልቅ ማሳሳቻ አለ። ግላዲዮለስ ሽሮ አያስፈልገውም። ተክል በሥሩ ከአፈር ከሚስበው ናይትሮጅንና በቅጠሉ ከሚሠራው ስኳር 20ውንም አሚኖ አሲዶች ራሱ ያዘጋጃል። እንዲያውም ለመጀመሪያ ጊዜ ተለይቶ የታወቀው አሚኖ አሲድ የተገኘው ከተክል ነው። በ1806 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ቮክለንና ሮቢኬ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ኬሚስቶች ከአስፓራገስ ጭማቂ አንድ ነጭ ብልጭ ብልጭ የሚል ነገር አጥልለው አወጡ፤ ስሙም በዚያው ተክል አስፓራጂን ተባለ። አስፓራገስ በአገራችን የሴት ቀስት የምንለው ቁጥቋጦ ዘመድ ነው። እንግዲህ ተክል የአሚኖ አሲድ ደሀ ሳይሆን ባለ ፋብሪካ ነው።

ታዲያ ለባለ ፋብሪካ ዕቃውን መልሶ መሸጥ ምን ማለት ነው? ፍርድ ከመስጠታችን በፊት የሻጩንም ወገን ማየት ይገባል። አንዲት ባለ ቤት ጤፍ በጎተራዋ ሞልቶላት ሳለ አንዳንድ ቀን የተጋገረ እንጀራ ከሱቅ ትገዛ የለምን? ጤፉን ማበጠር፣ ማስፈጨት፣ ማቡካት፣ መጋገር ጉልበትና ጊዜ ይፈልጋል። ጤነኛ ስትሆን ራሷ ትጋግራለች፤ ከታመመች ወይም ድንገት እንግዳ ከመጣባት ግን የሱቁ እንጀራ ያድናታል። ተክልም ከአፈር የሳበውን ናይትሬት ወደ አሚኖ አሲድ ለመለወጥ ብዙ ኃይል ያጠፋል። በረዶ ቅጠሉን ቢቀደድበት፣ ድርቅ ወይም ብርድ ሥሩን ቢያደክምበት፣ የተዘጋጀ አሚኖ አሲድ ጥቂት ሥራ ያቀልለታል። ነገሩ ከንቱ ነው የምትል ከሆነ አንድ ማስረጃ ልጨምርልህ። በ1998 በስዊድን ደን የሠሩ ተመራማሪዎች ግላይሲን የተባለውን ትንሹን አሚኖ አሲድ በከባድ ካርቦንና በከባድ ናይትሮጅን ምልክት አድርገው አፈር ውስጥ ጨመሩ፤ ኋላም ሁለቱን ምልክቶች አብረው በተክሎቹ ሥር ውስጥ አገኟቸው። ይህም ተክል አሚኖ አሲድን ሳይፈርስ እንዳለ መሳብ እንደሚችል አሳየ። ሞቅ ባለ አፈር ግን የአፈር ውስጥ ረቂቅ ሕዋሳት ከተክሉ ቀድመው ይበሉታል። በቅጠል ላይ ይረጭ የሚባለውም ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ሒሳብ የማይወድ አንባቢ ቢኖር እንኳ ይህችን ትንሽ ስሌት ይታገሠኝ፤ የተማሪዎቼን ዓይን የከፈተችው እርሷ ናትና። ወረቀቱ ላይ ናይትሮጅን 8 በመቶ ተብሎ ተጽፏል፤ ለ1 ሊትር ውኃ 2 ሚሊ ሊትር ይጨመር ይላል። 15 ሊትር የሚይዝ የጀርባ መርጫ ብትሞላ የሚገባው 30 ሚሊ ሊትር ነው። ከዚህ ውስጥ ናይትሮጅኑ 2.4 ግራም ነው። ዩሪያ ደግሞ 46 በመቶው ናይትሮጅን ስለሆነ ይህንኑ 2.4 ግራም ለማግኘት 5 ግራም ከጥቂት ፍርፋሪ ጋር ይበቃል። አንድ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው! «ታዲያ ቲቸር፣ ይህ ሁሉ ጠርሙስ ለአንድ ማንኪያ ዩሪያ ነው እንዴ?» ብሎ አንድ ልጅ ሲጮህ ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ልጁ ያልተናገረው አንድ ነገር አለ፤ አሚኖ አሲድ የሚሸጠው በናይትሮጅኑ ብዛት አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት በ2019 ባወጣው የማዳበሪያ ሕግ እንዲህ ያሉትን ነገሮች «ባዮስቲሙላንት» ብሎ ከማዳበሪያ ለይቷቸዋል። በውስጣቸው ባለው ምግብ ብዛት ሳይሆን ተክሉ ምግቡን በደንብ እንዲጠቀምና ችግርን እንዲቋቋም በማነቃቃት የሚሠሩ ናቸው ማለቱ ነው። እንግዲህ ጠርሙሱ ማዳበሪያ ነው ብሎ የሚሸጥልህ ሰው ከሕጉም ከሒሳቡም ጋር ይጣላል።

ደግሞስ በጠርሙሱ ውስጥ ያለው ከየት የመጣ ነው? ከአኩሪ አተር፣ ከቆዳ ፋብሪካ ቁርጥራጭ፣ ከዶሮ ላባ፣ ከቄራ ደም ሊሆን ይችላል፤ ፕሮቲን ያለበት ሁሉ ይሆናል። መነሻው አያሳፍርም፤ እኔን የሚያሳስበኝ አፈታቱ ነው። ዶቃዎቹን ከክራቸው ለመፍታት ሁለት ዋና መንገዶች አሉ። አንደኛው በብርቱ አሲድ መቀቀል ነው፤ ርካሽና ፈጣን ነው። ሁለተኛው በኤንዛይም ቀስ እያሉ መፍታት ነው። በአሲድ ሲቀቀል ትሪፕቶፋን የሚባለው አሚኖ አሲድ ይጠፋል፤ ከቀሩትም አንዳንዶቹ ተክል ሊጠቀምበት ወደማይመቸው ወደ ተገላቢጦሽ መልካቸው ይለወጣሉ። ጓንት በተሳሳተ እጅ ላይ እንደሚጠልቀው ያለ ነገር ነው። ወረቀቱ ላይ «ኤል» የምትለዋ ፊደል የምትታየውም ትክክለኛው እጅ ነው ለማለት ነው።

የትሪፕቶፋን መጥፋት ቀላል ነገር አይምሰልህ። ተክል ሥር የሚያበቅልበትን ኦክሲን የተባለውን ሆርሞን ከሚሠራባቸው ጥሬ ዕቃዎች ዋናው ትሪፕቶፋን ነውና። (ይህ ሆርሞን በ1934 በሆላንድ አገር በዩትሬክት ከተማ በነኮግል ተጣርቶ ሲወጣ የተገኘው ከሰው ሽንት ነበር። ይህን በክፍል ውስጥ ስናገር ጸጥታ ለማስከበር ብዙ ደክሜአለሁ።) እንግዲህ ሻጩ «ሥር ያበዛል» ሲልህ አፈታቱ በአሲድ ነው ወይስ በኤንዛይም ብለህ ጠይቀው። የእትዬ ወረቀት ስለዚህ ነገር ቃል አልተነፈሰም።

ይህ ሁሉ ስለ ጠርሙሱ ነው። እኔ ግን ከጠርሙሱ ይልቅ ስለ አበባው ራስ ብናስብ የበለጠ ይጠቅመናል እላለሁ። ግብርና ያጠኑ ሰዎች ኮረት የሚሉት ይህ ከመሬት በታች ያለው ነገር የተክሉ ስንቅ ነው። የቱሊፕና የአማሪሊስ ኮረት እንደ ሽንኩርት ልብስ በልብስ ላይ የተደረበ ነው። የግላዲዮለስ ግን ሲከፍቱት ድፍን ነው፤ ያበጠ ግንድ እንጂ የተደራረበ ቅጠል አይደለም። ከሽንኩርት ይልቅ ለእንሰት አሚቾ ይቀርባል። ሁለቱም ግን ያው የክፉ ቀን ቀለብ ናቸው፤ ስታርች፣ ስኳር፣ ናይትሮጅንም በውስጣቸው ይከማቻል። ናይትሮጅኑን ብዙ ተክሎች የሚያከማቹት በምን መልክ ይመስልሃል? በአሚኖ አሲድ መልክ ነው፤ በተለይም ናይትሮጅን በበዛባቸው በአርጂኒንና በአስፓራጂን። እንግዲህ ጥሩ ኮረት የገዛ ሰው ጠርሙሱን ከነአሚኖ አሲዱ ገዝቷል ማለት ይቻላል።

አሁን አንባቢ ሆይ፣ በጥሞና እንድታነበኝ የምለምንህ እዚህ ላይ ነው። አበባው መቼ ነው የሚፈጠረው? ሆላንዳዊው ሊቅ ብላው በ1920ዎቹ ዓመታት በዋግኒንገን ከተማ ኮረቶችን በየጊዜው እየሰነጠቀ በውስጣቸው የሚሆነውን ይከታተል ነበር። ቱሊፕ ተቆፍሮ ወጥቶ መደርደሪያ ላይ በተቀመጠበት ወራት፣ ያለ አፈርና ያለ ውኃ፣ የሚመጣውን ዓመት አበባ በውስጡ ይሠራል። የተኛ ይመስላል እንጂ አይተኛም። አማሪሊስም ቅጠልና አበባውን በኮረቱ ውስጥ አስቀድሞ ያሰናዳል፤ አንዱ አበባ ከተፈጠረበት ጊዜ አንሥቶ ወደ ውጭ እስኪወጣ ከዓመት በላይ ይፈጅበታል። እንግዲህ የአማሪሊስህ እምቡጥ ብቅ ካለ በኋላ ጠርሙስ ይዘህ ብትሮጥ የዘንዶቹን ቁጥር መጨመር አትችልም። ቁጥሩ ዓምና ተቆርጧል።

የግላዲዮለስ ነገር ከዚህ ይለያል። የግላዲዮለስ አበባ በኮረቱ ውስጥ አስቀድሞ አይሠራም፤ ከተተከለ በኋላ ጥቂት ቅጠሎች እንዳወጣ ነው የሚጀመረው። ከዚያ በኋላ ያብባል፤ ከመትከል እስከ ማበብ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ወር ተኩል እስከ ሦስት ወር ነው። ስለዚህ የሚረጭ ሰው ጥቅም አገኛለሁ ካለ በ2ኛውና በ3ኛው ቅጠል ጊዜ እንጂ ዘንጉ ከወጣ በኋላ አይደለም። ቅጠሉም እንደ ስሙ ነው፤ ግላዲዮለስ በላቲን ትንሽ ሰይፍ ማለት ነውና፣ ቀጥ ብሎ የቆመና በሰም የተቀባ የሚመስል ስለሆነ ውኃው ሳይዝ ይንሸራተታል። የሚያጣብቅ ነገር ካልተጨመረበት ግማሹ መሬት ይጠጣዋል። የእትዬ ወረቀት ግን «በአበባ ጊዜ ይርጩ» ይላል።

በዚህ ላይ ሌላ የሚያስደንቅ ነገር አለ። ግላዲዮለስ ሲያድግ የተተከለው ኮረት ተመጥጦ ያልቃል፤ በላዩም አዲስ ኮረት ይሠራል። በጎኑም እንደ ሽምብራ ያሉ ትንንሽ ፍሬዎች ይበተናሉ። ዓምና የተከልኸውና ዘንድሮ የቆፈርኸው አንድ አይደሉም፤ ልጅ ነው ያወጣኸው። ይህ ልጅ የሚወፍረው ደግሞ በአብዛኛው አበባው ከተቆረጠ በኋላ ነው፤ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ድረስ ቅጠሎቹ ስኳር እየሠሩ ወደ ታች ያወርዱለታል። የኮረት ትልቅነት ደግሞ በሚመጣው ወቅት የዘንጉን ርዝመትና የአበባውን ብዛት ይወስናል። አበባ ለንግድ የሚያበቅሉ ሰዎች የዙሪያ ልኩ ከ10 ሴንቲሜትር የማያንስ ኮረት የሚፈልጉት ለዚህ ነው።

ይህን ሁሉ ካሰላሰልሁ በኋላ ወደ እትዬ ጓሮ ሄድሁ። አፈሩ ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ፍግም ያልተለየው ነው። ተባይም ብዙ አላየሁበትም። ከተቆረጡት ተክሎች ግን የቀረው ከመሬት አንድ ስንዝር የማይሞላ ጉቶ ብቻ ነበር። ዘንጉ ከነቅጠሉ፣ ከነሰይፉ ሁሉ ተቆርጦ ለገዢ ሄዷል። ከአንዱ ጉቶ ሥር አፈሩን ገለጥ አድርገው አዲሱን ኮረት አሳዩኝ፤ የሎሚ ያህል መሆን ሲገባው የዋንዛ ፍሬ ያህል ነበር።

የሚያውቁት ሁሉ እንደሚሉት ዘንጉን ስትቆርጥ ቢያንስ 4 ቅጠል በግንዱ ላይ መቅረት አለበት። ይህን ብነግራቸው እትዬ ዝም ብለው አዳመጡኝና፣ «አንቺ ልጅ፣ ያልሽው እውነት ነው። ነገር ግን ገዢ የሚከፍለኝ በዘንግ ርዝመት ነው። ቅጠሉን ከተውሁት ዘንጉ ያጥራል፤ ከወሰድሁት ኮረቱ ያንሳል። ዘንድሮ ልብላ ወይስ ለከርሞ ልብላ ነው የምትይኝ?» አሉኝ። ይህን ጥያቄ የሚመልስ አሚኖ አሲድ የለም። እንዲህ ያለ ጥያቄ ለሚጠይቅ ሰው «ሳይንስ እንዲህ ይላል» ብሎ መሄድ ለእኔ ነውር መስሎ ታየኝ። ስለዚህ በትምህርት ቤታችን ግቢ ነገሩን ዓይን እንዲያየው ለማድረግ ወሰንን። ጠርሙሱን እኔ ከደመወዜ ገዛሁት።

ሥራው እንዲህ ነበር። እትዬ 36 ኮረት ሰጡን፤ 18ቱ ትላልቅ፣ 18ቱ ትንንሽ። ተማሪዎቹ ሦስት መስመር አወጡ፤ በየመስመሩ 6 ትልቅና 6 ትንሽ ተተከለ። አንደኛው መስመር ውኃ ብቻ ተረጨ። ሁለተኛው በናይትሮጅን ልክ የተመጠነ ዩሪያ በውኃ ተበጥብጦ ተሰጠው። ሦስተኛው ያ የተወደሰው አሚኖ አሲድ፣ ከጥቂት ሳሙና ጋር፣ በ2ኛውና በ3ኛው ቅጠል ጊዜ ተረጨበት። የቱ መስመር የቱ እንደሆነ የሚያውቁት ሁለት ተማሪዎች ብቻ ነበሩ፤ እነርሱም ምስጢሩን እንደ ፈተና ወረቀት ጠበቁት። ማነጻጸሪያውን ከውኃ ጋር ብቻ ያላደረግሁት ስለ ምን እንደሆነ አንባቢው ሳይገባው አይቀርም። በግብፅና በህንድ በግላዲዮለስና በመሰል አበቦች ላይ የተደረጉ ሙከራዎች አሚኖ አሲድ ዘንግ እንዳስረዘመና አበባ እንዳበዛ ዘግበዋል፤ አልክድም። ዳሩ ግን የተራበን ሰው እንጀራ አብልተህ ከጾመኛ ጋር ብታወዳድረው የበላው መበርታቱ ምን ይደንቃል? ጥያቄው ያው ናይትሮጅን በርካሽ መንገድ ቢሰጥ ልዩነቱ ይቀራል ወይ ነው።

ዘንጎቹ ወጥተው ከታች ያሉት እምቡጦች ቀለም ማሳየት ሲጀምሩ ሦስት ባልደረቦቼን ዳኛ አድርገን ጠራን። አንደኛው የታሪክ መምህር ስለሆኑ ከሁሉ ይልቅ ገለልተኛ ናቸው ተባለ። ውኃ ብቻ የጠጣው መስመር ሐመር ያለ መሆኑን ሦስቱም ወዲያው ለዩት። ከቀሩት ሁለቱ የቱ እንደሚበልጥ ግን አልተስማሙም፤ አንዱ ይህን፣ አንዱ ያንን፣ የታሪክ መምህሩ ደግሞ «እኩል ናቸው» ብለው ፈረዱ። ያለ አንዳች ክርክር የተስማሙበት አንድ ነገር ነበር፤ በየመስመሩ ትላልቅ ኮረት የተተከለበትን ጫፍ ከሩቅ ሆነው በጣታቸው አሳዩ። በ12 ተክል የሚወሰን ነገር እንደሌለ ለተማሪዎቼ አስረድቻለሁ። የኮረቱን ነገር ግን ማየት ለማንም አላዳገተም።

እትዬም በዚያ ቀን መጥተው ነበር። ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። ከዚያ ለጠርሙሱ ይዘውት የነበረውን ገንዘብ ለምን እንደሚያውሉት ራሳቸው ነገሩኝ፤ እኔ የጨመርሁበት ምክር የለም። ትልልቅ ኮረት ከሚሸጡ አንድ ጎረቤት ገዙበት። ጓሯቸውን ለሁለት ከፈሉት። በአንደኛው ወገን ያለው ለበዓልና ለሠርግ እንደ ድሮው ዘንጉ ረዝሞ ይቆረጣል፤ ኮረቱም ያልቃል ተብሎ ተቆጥሯል። በሌላኛው ወገን 4 ቅጠል ሳይነካ ይቀራል፤ አጠር ያለው ዘንግ እየታሰረ በዝቅተኛ ዋጋ ለቤት ጠረጴዛ ይሸጣል። ገዢ አያጣም አሉ፤ ረጅም ዘንግ የሚችል የአበባ ማስቀመጫ በየቤቱ የለምና። ይህን ሒሳብ ከየትኛውም መጽሐፍ አላነበብሁትም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማንሣት እወዳለሁ፤ ከነገሩ ትንሽ የወጣ ይመስላል እንጂ አልወጣም። ግላዲዮለስ ከውጭ አገር የመጣ የፈረንጅ አበባ ነው የሚሉ አሉ። አሁን የምንሸጠው ዝርያ ተዳቅሎ የመጣው በእርግጥ ከውጭ ነው። ዳሩ ግን ከዘመናዊው ግላዲዮለስ ዋና ዋና ወላጆች አንዱ፣ ዳሌኒ የሚባለው፣ በአፍሪካ ሣራማ ሜዳዎችና በአገራችንም ደጋ በዱር የሚበቅል ነው። በነጭ አበባው መካከል ጥቁር ሐምራዊ ነጥብ ያለበትን ሽታው ደስ የሚያሰኘውን ዓይነትም ጀርመናዊው ሆክስቴተር በ1844 የገለጸው ከኢትዮጵያ በተወሰደ ናሙና ነው፤ ዛሬ የዓለም ነጋዴዎች «የአቢሲኒያ ግላዲዮለስ» እያሉ ይሸጡታል። እነዚህ አበቦች ክረምት ጠጥተው፣ በጋ ተኝተው፣ ያለ ማንም ጠርሙስ በየኮረብታው ሲኖሩ የኖሩት ቅጠላቸው እስኪደርቅ ድረስ የሚቆርጠው ሰው ስለሌለ ነው።

በትምህርት ቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ የቀረውን ግማሽ ጠርሙስ አልጣልሁትም። በረዶ የወቃው ተክል፣ ወይም ከመደብ ወደ መደብ ተዛውሮ የጠወለገ ሲኖር፣ በወረቀቱ ላይ በተጻፈው ልክ ሳንጨምር በማለዳ እንረጨዋለን። አንዳንድ አሚኖ አሲድ ለብቻው ሲበዛ እድገትን የሚገታ ስለሆነ ማብዛት ለተክሉ ደግነት አይደለም። ኮረቱ ከበሰበሰ ወይም ቅጠሉን ጥቃቅን ተባይ ከመጠጠው ግን ጠርሙሱን አናነሣም፤ የበሰበሰውን ነቅሎ ማቃጠልና የመትከያውን ቦታ መለወጥ ይሻላል።

የእትዬ ኮረቶች አሁን ተቆፍረው በጆንያ ላይ ጥላ ውስጥ ተዘርግተዋል። በጎናቸው የተገኙትን ሽምብራ የሚያህሉ ፍሬዎች ድሮ ይጥሏቸው ነበር፤ ዘንድሮ ልጅቷ አንድ በአንድ ለቅማ በእንቅብ አስቀመጠቻቸው። አበባ ለመስጠት ሁለት ወይም ሦስት ወቅት ይፈጅባቸዋል። ልጅቷ 10ኛ ክፍል ናት፤ ፍሬዎቹ ሲያብቡ የ12ኛ ክፍል ፈተናዋን ትወስዳለች። እናቲቱ በአጥሩ ሥር ጠባብ መስመር ቆፍረውላቸዋል፤ አፈሩም ተነሥቶ ዝናቡን እየጠበቀ ነው።